በስንዴ የወረደ ዜማ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ የልጅ ልጅ ለጓደኛዋ ሠርግ የምትዘፍነውን ዘፈን ሳሎን ውስጥ ትለማመድ ነበር። ዘፋኝ የሌለበትን ባዶ ሙዚቃ ስልኳ ላይ ከፍታ እሷ ከላይ ትዘፍንበታለች። አንድ ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ እየሳሳ ሄዶ ተቆረጠ። «ኪው ከፍ ብሎብኛል» አለች፣ የዜማው ከፍታ ማለቷ ነው፤ ስልኳን በአውራ ጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ሙዚቃው እንዳለ፣ ከነከበሮው ከነጊታሩ፣ ዝቅ አለላት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ዘፈኗን ቀጠለች።

እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ባቄላ እሸት እፈለፍል ነበር። እጄን አቆምኩና «እስቲ ድገሚው» አልኳት።

«ዘፈኑን?»

«አይ፣ ያንን ዝቅ ማድረጉን።»

ደገመችልኝ። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ። አያቴን ዛሬ ምን ነካት ብላ ሳታስብ አልቀረችም። እኔ ግን ያንን ሥራ ሆሳዕና ውስጥ ስንሠራው አንድ ወፍጮ፣ አንድ የናፍጣ ሞተር፣ የሰፈር ሴቶች ስንዴና የግማሽ ከተማ መብራት እንደፈጀብን ከየት ጀምሬ ልንገራት? ባቄላዬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ለእናንተ ለአንባቢዎች ግን ልንገራችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ከምባታ ውስጥ የዳምቦያ ልጅ ነኝ፤ ለትምህርት ብዬ ሆሳዕና አክስቴ ቤት እኖር ነበር። አባቴ ከሀደሮ ዝንጅብል እየገዛ በበቅሎ ሆሳዕና ገበያ የሚያወርድ ነጋዴ ስለነበር፣ በመጣ ቁጥር አክስቴ ቤት ያድራል። እሱ አድሮ ከሄደ በኋላ ቤቱ ሰንበትበት ብሎ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል። በቤታችን አባት «አና» ነው የሚባለው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራው። በከምባትኛ ሲያወራ ሰው የሚያስቅ፣ በአማርኛ ሲያወራ ግን ችሎት እንደቀረበ ሰው ቃሉን የሚቆጥብ ነበር።

እኔ ደግሞ ድምፄ ወፍራም ነው። ዛሬ ስልክ ሳነሳ «ጌታዬ» የሚሉኝ አሉ፤ ያኔም በልጅነቴ ያው ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን የመዘምራን ቡድን ሲያቋቁም ተመዘገብኩ። መምህራችን ጋሼ መኮንን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር፤ ሐር ክራቫት የሚያስር፣ ጭቃ የሚፈራ፣ ሙዚቃ ሲነሳ ግን ምሳውን የሚረሳ ሰው። በመጀመሪያው ልምምድ በሰልፋችን ፊት ለፊት ጆሮውን ጣል እያደረገ አለፈና እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ዘቢባ፣» አለኝ ዝቅ ብሎ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። በትሕትና ስለነገረኝ በትሕትና ተቀበልኩት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ግጥሙን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ዜማውን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ አውቃለሁ። ድምፅ ብቻ የለም።

ነገሩን የከፋ ያደረገው አባቴ ነው። የወላጆች ቀን በደረሰ ቁጥር ከዳምቦያ ድረስ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ዝማሬው ሲያልቅ ትከሻዬን ያዘና «ከሁሉም መሀል ያንቺን ድምፅ ለየሁት» አለኝ። በሁለተኛውም ዓመት ይህንኑ ደገመው። አገሩ ተመልሶ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለገበያተኛ ሁሉ አወራ። እኔም እውነቱን ሳልነግረው ቀረሁ። ሌሊት ግን ያቃጥለኝ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ከመውጣቴ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አና ሰማሁት የሚለውን ድምፅ በእርግጥ ቢሰማው ብዬ እመኝ ነበር። ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጋሼ መኮንን ለገና አዲስ አበባ ሄዶ ሻንጣ የሚያህል ቴፕ ሪከርደር ይዞ ተመለሰ፤ ክሩ በሁለት ጎማ ላይ እየተጠቀለለ የሚዞረውን ዓይነት። ከዚያም ይልቅ ጉድ ያሰኘው ክሩ ላይ ያለው ነገር ነው። ሙዚቀኛ ጓደኞቹን ለምኖ ራሱ የደረሰውን ዘፈን በአኮርዲዮን፣ በጊታርና በከበሮ አስቀድቶ ነበር፤ ዘፋኙ ብቻ የለም። ዘፋኟ ከኛ መሀል አልማዝ የምትባል ልጅ ናት። አልማዝ ድምፅዋ ቀጭን፣ ሽቅብ ሲወጣ የማይደክመው ነበር፤ ሙዚቀኞቹም በእሷ ልክ ነው የተጫወቱት። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሙዚቀኞቹ አዲስ አበባ ተቀምጠው ዘፋኟ ሆሳዕና ልትዘፍን!

ያኔ ቴፑን የሚያስነሳ መብራት የነበረው ጋሽ ኑሪ ወፍጮ ቤት ነው። ጋሽ ኑሪ የጉራጌ ሰው ነው፤ ሞተሩ ቀን ቀን ወፍጮውን ያዞራል፣ ሲመሽ በዲናሞ ለዋናው መንገድ ሱቆችና ለጥቂት ቤቶች መብራት ይሰጣል። ከወፍጮው ጋር ግድግዳ የሚጋራ ትልቅ መጋዘን ስለነበረው ለወላጆች ቀን አዳራሽ እንዲሆን ፈቀደ። ስንለማመድ ወፍጮውን አቁሞ ዲናሞውን ብቻ ያስነሳልናል። መጋዘኑና ወፍጮ ቤቱ በአንዲት ትንሽ መስኮት ይገናኛሉ፤ በእሷ በኩል የዱቄት ብናኝ እየገባ ሁላችንንም ያስነጥሰን ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የአልማዝ አባት፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፣ ወደ ጅማ ተዛወሩ። ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ጋሼ መኮንን ፊቱ አመድ መስሎ ሰልፋችን ፊት ቆመና «የአልማዝን ግጥም ከነዜማው የሚያውቅ ማነው?» አለ። ሌሎቹ አዝማቹን እንጂ ሌላውን አያውቁትም። እጄን አወጣሁ። እጄን ሲያይ ምን እንደተሰማው ፊቱ ላይ አነበብኩት፤ ግን ሌላ ሰው አልነበረውም።

የዚያኑ ቀን፣ ምን እንዳቻኮለኝ እንጃ፣ ወደ ዳምቦያ ለሚሄድ ነጋዴ መልእክት ሰጠሁ፤ «ለአና፣ ዘንድሮ ብቻዬን ነው የምዘፍነው በልልኝ» አልኩት።

ቴፑ ተከፈተ። ሙዚቃው ሲጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን የሚጠብቅ መሰለኝ። የመጀመሪያው ቤት እንደምንም አለፈ። አስቸጋሪው ቦታ እዚህ ጋ ነው፦

ጭቃው ሲደርቅልኝ መንገዱ ሲጠና፣
ቆሜ እገኛለሁ ከደጅሽ እንደገና።

«እንደገና» የምትለዋ ቃል ዜማው ጫፍ ላይ ነው የተሰቀለችው። እዚያ ስደርስ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ደገምኩት፣ ተሰነጠቀ። ልጆቹ ሳቁ። ጋሼ መኮንን «እሺ፣ ከታች ያዢው» አለኝ። ከታች ስይዘው ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ የማጉረመርም መሰለ። ያለ ቴፕ ልዝፈን እንዳልል፣ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ለአውራጃው ገዥ ቴፑን እናስደምጥዎታለን ብለው ቃል ገብተዋል። ያን ጊዜ ማናችንም የተቀዳ ሙዚቃን ኪ መለወጥ የሚባል ነገር ይኖራል ብለን አላሰብንም። የተቀዳ ተቀድቷል። ሰው ነው ወደ ሙዚቃው የሚወጣው።

«ቅዳሜ አንድ ጊዜ እንሞክራለን» አለኝ ጋሼ መኮንን። «ካልሆነ ቴፑ ብቻውን ይጫወታል፤ ሌሎቹ አዝማቹን ይላሉ፤ አንቺም እንግዲህ...» አልጨረሰውም። ባይጨርሰውም ገብቶኛል። አባቴ ግን በዚያ ሰዓት ዳምቦያ ገበያ ላይ ልጄ ብቻዋን ልትዘፍን ነው እያለ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ መንገዱን አቡክቶታል፤ አህያው፣ ቆጮ የተሸከመው፣ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ የያዘችው፣ ሁሉም እየተንሸራተተ ይመጣል። ወፍጮ ቤት ስንደርስ ሴቶች ከነእህላቸው እስከ መንገዱ ተሰልፈዋል። ጋሼ መኮንን ወፍጮውን ለጥቂት እንዲያቆምልን ሲጠይቀው ጋሽ ኑሪ እጁን በእጁ መታ። «በገበያ ቀን ወፍጮ ላቁም? እነዚህ ሴቶች እህሉን ትተው እኔን ነው የሚፈጩኝ! ከፈለጋችሁ እየፈጨሁ ተለማመዱ።»

ምርጫ አልነበረንም። ቴፑን አበራነው። ሙዚቃው እንደ ወትሮው ጀመረ፤ ግድግዳው በወፍጮው ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ወዲያው አንድ ነገር ሆነ። አምፖሉ ቀላ፣ ደበዘዘ፤ ከእሱ ጋር ሙዚቃውም ወረደ። አኮርዲዮኑ ቀስ አለ፣ ወፈረ፣ ከበሮው ከመሮጥ ወደ መራመድ መጣ። ጋሼ መኮንን «ቴፑ ታመመ!» ብሎ ሊያጠፋው ተንደረደረ።

እኔ ግን ተራዬ ደርሶ ስለነበር አፌን ከፈትኩ። ዜማው ከእግሬ ሥር ነበር። እንዴት እንደምለው አላውቅም፤ ተንጠራርቼ ተንጠራርቼ ያልደረስኩበት መደርደሪያ ዝቅ ብሎ ደረቴ አጠገብ ቆመ። «ከደጅሽ እንደገና» አልኩ፤ ወጣልኝ። ሙሉ ሆኖ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ። የጋሼ መኮንን እጅ ቴፑ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ልጆቹ አልሳቁም። እኔም በራሴ ድምፅ ደነገጥኩ፤ የሌላ ሰው ንብረት በእጄ የገባ ይመስል።

ሁለተኛው ቤት መሀል ላይ አምፖሉ ቦግ አለ፣ ሙዚቃው ሽቅብ ተስፈነጠረና እኔ ከታች ቀረሁ። ጋሼ መኮንን በመስኮቷ አጮለቀ። የአንዲት ሴት እህል አልቆ ሌላዋ ገና ልትጨምር ነበር። ጨመረች፤ አምፖሉ ደበዘዘ፣ ሙዚቃው ወረደ። ጋሼ መኮንን ወደኛ ሲዞር ዓይኑ ፈጦ፣ ክራቫቱ ዱቄት ለብሶ ነበር። «እህሉ ነው!» አለ። «የመብራት ኃይሉ! ሞተሩ እህል ሲበዛበት ይዘገያል፣ ቴፑም አብሮ ይዘገያል!» ከዚያ አንድ መምህር ያደርገዋል ብዬ የማላስበውን አደረገ፤ ጭቃውን ረግጦ እየሮጠ ወፍጮ ቤት ገባ። አላህ ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ያን ዕለት ገባኝ።

ጋሽ ኑሪ መጀመሪያ አላመነም። ቆይቶ ሲገባው እንደ ልጅ ተደሰተ። «ለምን በእህል? ናፍጣውን ነዋ የምቀንሰው» ብሎ ሞከረ፤ አሮጌው ሞተር ሁለቴ ሳል ሳል አለና ጠፋ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ጠፋ። «ይኼ ዋልጌ ሥራ ካልበዛበት ዝቅ አይልም» አለ። እንግዲህ ወደ እህሉ ተመለስን። የተሰለፉት ሴቶች ነገሩ ሲነገራቸው ወረፋ መጠበቃቸውን ረስተው በመስኮቷ በኩል ተጨናንቀው ያዳምጡ ጀመር።

ጤፍ ተጨመረ፤ ሙዚቃው ጥቂት ብቻ ወረደ። በቆሎ ተጨመረ፤ ጉድ ፈላ፣ ዜማው ወርዶ ወርዶ የቀብር መሰለ፣ አንዲት ሴትዮ «ኧረ ልጅቷን ገደላችኋት!» ብለው ጮኹ። ገብሱ አንዴ ያዝ አንዴ ለቀቅ እያደረገ ያንገዳግደዋል። ስንዴ ሲሆን ግን ዜማው መጥቶ እኔ ላይ አረፈ። ጋሼ መኮንን በመስኮቷ ነጭ መሐረብ ያውለበልባል፤ ጋሽ ኑሪ በቁና ስንዴውን ሳያቋርጥ ያወርዳል፤ እኔ እዘፍናለሁ። ዘፈኑ ከቀድሞው ረጋ ብሎ ስለነበር ትንፋሼን ማስረዘም ነበረብኝ። ያም ተስማማኝ። ያቺ ሙዚቃ ስትፈጥን የተማሪ ነበረች፤ ስትረጋ የትልቅ ሰው ሆነች።

ችግሩ የወላጆች ቀን በማግስቱ እሑድ መሆኑ ነው። እሑድ የሚያስፈጭ የለም፤ ሰኔ ደግሞ ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው። ሴቶቹ ያዩትን ማውራታቸውን አውቃለሁ እንጂ ያስተባበረው ሰው ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ብቻ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስንደርስ ወፍጮ ቤቱ በራፍ ላይ ስንዴ ተቀምጧል። አንዷ በስልቻ፣ አንዷ በቅል፣ አንዷ በነጠላ ጫፍ ቋጥራ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ጋሽ ኑሪ ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቅሎ በትልቅ አቁማዳ ሞልቶት ነበር፤ ዱቄቱን በኋላ በየድርሻቸው ሊያካፍላቸው።

ለዳይሬክተሩ ግን ማንም አልነገራቸውም። ጋሼ መኮንን «ላስረዳቸው ብዬ ከጀመርኩ ይከለክሉኛል» አለ።

መጋዘኑ ሞላ። ውጭ ደመናው ስለከበደ አምፖሎቹ በቀን ነበር የበሩት። ፊት ለፊት የአውራጃው ገዥ፣ ከጎናቸው ዳይሬክተሩ ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። አባቴን ፈለግሁት። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ካፖርቱ ከጉዞው ገና አልደረቀም። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

መሐረቡ ተውለበለበ፣ ሙዚቃው ተጀመረ፣ ወፍጮው ከግድግዳው ወዲያ አጓራ። አምፖሎቹ ደበዘዙ። ሰዉ አጉረመረመ፤ መብራቱ ሊጠፋ ነው ያለ፣ ቴፑ ሊፈነዳ ነው ያለ አለ። ዳይሬክተሩ ከተቀመጡበት ተነሱና «ማነው በዚህ ሰዓት የሚፈጨው!» ብለው ወደ ወፍጮ ቤት ወጡ። ወፍጮው ቢቆም ሙዚቃው ሽቅብ ይሄዳል፤ እኔ በአባቴ ፊት እሰነጠቃለሁ። ጋሼ መኮንን መስኮቷ ጋ ቆሞ መሐረቡን ማውለብለብ አላቆመም። እኔም ቀጠልኩ። ምን አደርጋለሁ? ዜማው እጄ ላይ ነበር።

በኋላ እንደሰማነው ዳይሬክተሩ ሲጮሁ ጋሽ ኑሪ «አይሰማኝም ጌታዬ!» እያለ በጆሮው እያመለከተ ስንዴውን ያወርድ ነበር። የወፍጮ ቤት ሰው ካልፈለገ አይሰማም። ዳይሬክተሩ ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ሆኖ ነበር፤ በር ላይ እንደደረሱ ግን ቆሙ። እኔ ያን ጊዜ «እንደገና» ላይ ነበርኩ።

ያቺን ቃል ምን ያህል እንደያዝኳት አላስታውስም። በዚያ ቀይ፣ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ የሰዉ ፊት ሁሉ ወደ እኔ ነበር፤ ማንም አይስልም፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሱቆችም አብረው ደብዝዘው ባለሱቆቹ ምን ሆነ ብለው በር ላይ ወጥተው እንደቆሙ በክፍቱ በር ይታየኝ ነበር። ለእኔ ነው የደበዘዘው። ግማሽ ከተማ ብርሃኑን ዝቅ ያደረገው የኔ ድምፅ እዚያ ታች ስለሚኖር ነው። ያን ሳስብ ፈራሁ፤ መስጊድ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ እንደሚሰማኝ ያለ ፍርሃት። ዘፈኑ ሲያልቅ ጭብጨባው ዘግየት ብሎ ነው የመጣው፤ ከመጣ በኋላ ግን የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናብ የጀመረ መስሎኝ ቀና ብዬ አይቻለሁ።

አባቴ አላጨበጨበም። ሰዉ እየወጣ ሲያልቅ እዚያው ግድግዳው ጋ ቆሞ አገኘሁት። እጄን ይዞ ወደ ውጭ ወሰደኝ። ጭቃው ላይ ጥቂት ከተራመድን በኋላ በከምባትኛ፣ ቀልዱን ሁሉ ትቶ፣ ተናገረ።

«ዘቢባ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አምናም ካቻምናም አልሰማሁሽም። አፍሽ ሲከፈት አያለሁ፤ ድምፅሽን ግን ባዳምጥ ባዳምጥ አጣሁት። የሌሎቹን ልጆች እሰማለሁ፣ የልጄን አልሰማም። ጆሮዬ ሄደ፣ ያውም መርጦ ከልጄ ድምፅ ጀመረ ብዬ አዘንኩ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ሰማሁ ያልኩሽ።» ጆሮውን ነካ አደረገ። «ሁለት ዓመት የሞቀ ቅቤ ሳስጨምርበት ኖርኩ። ሀደሮ በሄድኩ ቁጥር አንድ መድኃኒት አዋቂ ጋ ሳልደርስ አልተመለስኩም።»

አንገቱን ያዘነበለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

«አና፣» አልኩት፣ «ጆሮህ ደህና ነው። ስላልዘፈንኩ ነው።»

ሁሉንም ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ፤ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ሳቀ። ሲስቅ ሲስቅ ደጅ የታሰሩት በቅሎዎቹ ደንብረው ዞሩ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነበትና ፊቱን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ። «ተመስገን» ይል ነበር፣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» ለራሱ ጆሮ ይሁን ለኔ ድምፅ፣ አልጠየቅሁትም።

ዘፋኝ አልሆንኩም። አስተማሪ ሆኜ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ጡረታ ወጣሁ፤ በሠርግና በልደት ግን ዝፈኚ ስባል እንቢ ብዬ አላውቅም። ሁልጊዜም በራሴ ልክ ነው የምጀምረው፤ የሚከተለኝ ይከተለኝ። አና ዕድሜ ጠግቦ ነው ያረፈው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ የጎረቤት ሹክሹክታ እንኳን አያመልጠውም ነበር። ጋሽ ኑሪም ጋሼ መኮንንም ዛሬ የሉም።

ከዚህ ሁሉ ግን አልጋ ላይ ስጋደም ደጋግሞ የሚመጣብኝ ዱቄቱ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ሴቶቹ እየመጡ ድርሻቸውን ወስደዋል። የማን ስንዴ ከማን ጋር እንደተቀላቀለ ማንም አያውቅም። በማግስቱ ሆሳዕና ውስጥ በአንዱ ቤት አንድ ሰው ጠዋት ተነስቶ ትኩስ ቂጣ በቅቤ በልቶ ወደ ሥራው ሄዷል። ያ ቂጣ በእኔ ድምፅ ልክ የተፈጨ ነበር። ሰውዬው አያውቅም፤ እኔም ማን እንደሆነ አላውቅም።